የእርማት ደብተር

ለገጣፎ በሚገኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት በተዘጋጀ የንባብ ምሽት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የደንብ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ ከክፍል በቀጥታ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ንጋት ላይ የሰንዳፋን አስፋልት ሲሮጡ ያየኋቸው ልጆችም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደክሟችሁ ሳለ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የምናገረው ነገር ከዚያው መንገድ ጋር የተያያዘ ነው።

የተጋበዝኩት ከስፖርት ዓምደኛነት ወደ መጽሐፍ ጸሐፊነት እንዴት እንደተሻገርኩ እንድናገር ነው። 24 ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የስፖርት ዓምድ ጽፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት መጻሕፍት አሳትሜያለሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር በቃል ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ራሱን ይዤ መጣሁ። ይኸውላችሁ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል። ሽፋኑ ላይ «የእርማት ደብተር» ይላል። በዓምዴ ላይ የተሳሳትኩትን ሁሉ፣ አንባቢ ያረመኝንም ራሴ የደረስኩበትንም፣ ከነቀኑ የመዘገብኩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም መጻሕፍት የወለደልኝ ይህ ደብተር ነው።

እስቲ ከሥሩ ልነሳ። የተወለድኩት ኮተቤ ነው። በልጅነቴ ኮተቤ የከተማው ጫፍ ነበር፤ ከእኛ ወዲያ እርሻ፣ ከእርሻው ወዲያ ደግሞ ይህ የእናንተ አገር። አባቴ በአንድ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ስለነበረ ቀን ይተኛል፤ ሲነቃ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ሬዲዮው ነው። በ1972 ዓ.ም. ክረምት፣ የሞስኮ ኦሊምፒክ ጊዜ፣ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሐምሌ 20 ቀን ምሩጽ ይፍጠር የ10 ሺህ ሜትሩን ውድድር አሸነፈ። መሐመድ ከድር 3ኛ ወጣ፤ በመካከላቸው የገባው ፊንላንዳዊው ካርሎ ማኒንካ ነበር። አባቴ ከመደርደሪያው ላይ ጠመኔ አንስቶ ሰጠኝና «በሩ ላይ ጻፈው፤ ጎረቤት ያንብብ» አለኝ። በእንጨት በራችን ላይ፣ ቁመቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ተንጠራርቼ፣ ስማቸውንና ደረጃቸውን ጻፍኩ። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ አነበበ። ሐምሌ 25 ቀን ምሩጽ የ5 ሺህ ሜትሩን ሲደግም ከሥር ጨመርኩበት። ክረምት ነውና ዝናቡ አጥቦት አደረ። ጠዋት ተነስቼ እንደገና ጻፍኩት። የመጀመሪያ ዓምዴ ያ በር ነው።

ጋዜጣ ላይ መጻፍ የጀመርኩት በ1986 ዓ.ም. ነው። ከእኔ በፊት መንገዱን የጠረጉ ሰዎች ነበሩ። ጋዜጠኛ ፍቅሩ ኪዳኔ ከስፖርት ዘገባ ተነስቶ እስከ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የደረሰ ሰው ነው፤ ያየውን በመጽሐፍ ማስቀመጥ እንደሚገባም ያሳየን እሱ ነው። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ስለ መጽሐፍ አላስብም ነበር። ሐሳቤ ሁሉ እሑድ ነበር።

እሑድ ማለት አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። በልጅነቴ ሚስማር ተራ ተጋፍቼ ያየሁትን ጨዋታ፣ አድጌ ከጋዜጠኞች መቀመጫ ማየት ጀመርኩ። ካታንጋ የተቀመጠው ደጋፊ ሲያጉረመርም የዳኛው ውሳኔ ምን እንደሆነ ሳላይ አውቅ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ እየሮጥኩ ወደ ቢሮ እመለሳለሁ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት 600 ቃላት መድረስ አለባቸው፤ ማተሚያ ቤት ማንንም አይጠብቅም። ስህተት እንዴት እንደሚወለድ ልንገራችሁ። ግርግር መሃል ጎሉን ማን እንዳገባ ካልለየሁ አጠገቤ የተቀመጠውን ባልደረባዬን እጠይቃለሁ። እሱም እርግጠኛ ሳይሆን አንድ ስም ይነግረኛል። እጽፈዋለሁ። ማግስቱን እሱ የኔን ጋዜጣ አንብቦ «አዎ፣ እሱ ነበር» ብሎ ልቡ ያርፋል። በ10 ዓመቱ ደግሞ አንድ ሌላ ጸሐፊ የሁለታችንንም ጋዜጣ አይቶ «ሁለት ምንጮች ተስማምተዋል» ይላል። አንድ ጥርጣሬ እንዲህ ሆኖ ታሪክ ይሆናል።

ደብተሩን ያስጀመረችኝ አንዲት ተማሪ ናት። የደራርቱ ቱሉ የባርሴሎና ድል በሚታሰብበት ሰሞን፣ ደራርቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት ብዬ ጽፌ ነበር። በሳምንቱ ከደብተር ላይ የተገነጠለ ወረቀት ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፤ ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙታዋኪል በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ አግኝታለች፤ ደራርቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ናት። ልጅቷ ልክ ነበረች። ወረቀቱን ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ያንገበገበኝ የደራርቱ ድል ያለ ውሸት የቆመ መሆኑ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ውድድር በመጨረሻው ዙር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኢላና ማየርን ጥላ የሄደች ልጅ፣ ከዚያም ቆማ ጠብቃት አብራት ሜዳውን የዞረች ልጅ፣ የማንንም ወርቅ መሻማት አያስፈልጋትም። እኔ ግን በአንድ ቃል መጉደል ከአንዲት ሞሮኳዊት ላይ ታሪኳን ወስጄ ለደራርቱ ሰጠሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እርማት አወጣሁ። በአራት መስመር፣ በገጹ ግርጌ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ አባቶቻችን። ጋዜጣ ላይ የሚወጣ እርማት እኔ እንዳየሁት እንደዚያ ቅቤ ነው። ስህተቱን ያነበበው ሰው እርማቱን አያነብም። ደብተሩን የገዛሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለፉትን ዓምዶቼን እያወጣሁ አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ሲፈጸም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈናል። እኔ ግን ጨዋታው በ90 ደቂቃ እንዳለቀ አድርጌ ጽፌያለሁ። መደበኛው ሰዓት ያለቀው 2 ለ 2 ነው። ሁለት ጊዜ መርተውናል፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነናል፤ በተጨማሪው ሰዓት ነው ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ያገቡት። የዚያ ቡድን ነፍስ ያለው በእነዚያ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው ቡድን። እኔ በአንድ አረፍተ ነገር ሰረዝኳቸው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ሲሆን፣ እኔ «በግማሽ ሴኮንድ» ብያለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። 25 ዙር የሮጠ ሰው ግን ያን 0.09 ከየት እንዳወጣው ያውቃል፤ እኔ አምስት እጥፍ አድርጌ ሳቀልለት ድካሙን ነው የቀነስኩበት።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ። ደብተሩ ላይ ስምንት ገጽ የያዘው እሱ ነው።

በየዓመቱ ጳጉሜ ሲመጣ ስለ አበበ ቢቂላ እጽፍ ነበር። ሁላችሁም የምታውቁት ታሪክ ነው፤ ሮም፣ ማራቶን፣ ባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። እኔም እንደ ሌላው ሁሉ፣ ጫማ መግዣ ያጣ የድሃ አገር ልጅ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ እያልኩ እጽፋለሁ። አንባቢ ይወደዋል። ያስለቅሳል። አንድ ዓመት፣ ከታተመ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰንዳፋ አንድ አባት ስልክ ደወሉልኝ። እንደ አበበ ሁሉ የቀድሞ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ቅዳሜ ቤቴ ና፤ ቡና አፈላልሃለሁ» ብቻ አሉኝ።

ሄድኩ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባህር ዛፍ የከበበው ግቢ ውስጥ ነው። ቡናው እስኪፈላ ምንም አልተናገሩም። አንደኛው ስኒ ሲደርሰን ጎንበስ ብለው የቀኝ ጫማቸውን ፈቱ፤ ካልሲያቸውንም አወለቁ። እጄን ይዘው ውስጥ እግራቸው ላይ አሳረፉት። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 70 ይጠጋል። ተረከዛቸው ከወፍጮ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መሃሉ ግን ለስላሳና ሞቃት ነበር። «ይህን ያመጣው ድህነት ይመስልሃል?» አሉኝ። «እኛ ጫማ ነበረን። ወታደር ጫማ አያጣም። በባዶ እግር የሮጥነው እግራችን መሬቱን ስለሚያውቀው ነው። አበበን ለማኝ አታድርግብኝ።»

ምን ብዬ ልመልስ? «አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ማጥፋትህን ተወው፣ ሂድና አጣራ» አሉ።

አጣራሁ። አበበ ሮም ላይ ጫማ ነበረው። እዚያ ያገኘው ጫማ ግን እግሩን አልተመቸውም። ቀድሞም በባዶ እግሩ ይለማመድ ስለነበር፣ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መክረው ጫማውን ተዉት። ምርጫ ነበር፤ የባለሙያ ምርጫ። መንገዱንም አስቀድመው አጥንተዋል። ሙሶሊኒ ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመበትን ቦታ ለይተው፣ ከመጨረሻው መስመር የቀረው ጥቂት ስለሆነ፣ ማምለጫው ይህ ነው ብለው ወሰኑ። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የሄደው በዚያ አካባቢ ነው። በ25 ሴኮንድ ቀደመው። በ4 ዓመቱ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 6 ሳምንት ያህል ብቻ ሆኖት፣ በጫማ ሮጦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ ሁለተኛው የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የሚያሳየው የሚያቅድ፣ የሚያሰላ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ያን ሰው እኔ ለዓመታት በእንባ ሸፍኜው ኖሬያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከስህተቶቼ ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚያመኝ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ በ600 ቃላት ማረም አይቻልም። ሞከርኩ፤ የመጀመሪያው ረቂቅ 4 ሺህ ቃላት ሆነ። ቆረጥኩት፤ ሲቆረጥ ደግሞ እንደገና ውሸት ሆነ። መጽሐፍ መጻፍ እንዳለብኝ የገባኝ በዚያ ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ከሥራ የተረፈ ጊዜዬን በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር አሳለፍኩ። የድሮ ጋዜጦች በዓመት በዓመታቸው ተጠርዘው ይመጡልኛል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ገጽ የምገልጠው እስትንፋሴን ይዤ ነበር። ዓምደኛ ሳለሁ በቀን አንድ ጽሑፍ መጨረስ የለመደ እጄ፣ አንዲት ቀን ለማረጋገጥ ሦስት ሳምንት ሲፈጅ መጀመሪያ ተበሳጨ፤ ኋላ ግን ለመደው።

የመንገዱንም ነገር ልንገራችሁ። አበበ የተወለደው ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋ አድርጎ በእናንተ ደጅ ያልፋል። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ የሆነው በዚሁ በሸኖ መንገድ ላይ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ «የአበበ ታሪክ በዚያ ሌሊት አበቃ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሦስቱም ደብተሩ ላይ አሉ። አላበቃም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ፣ በማግስቱ ዓመት እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ እስካረፈ ድረስ ስፖርተኛ ነበር። ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ጉልበታችሁን አሟችሁ ከልምምድ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ይህን ክፍል ለእናንተ ብዬ ነው ሳላሳጥር የማነበው።

ስለ ኅትመቱ ብዙ አልልም። አንድ አሳታሚ ረቂቁን አንድ ዓመት ከመንፈቅ አስቀምጦ፣ «ባዶ እግሩን የሮጠው በድህነት ነው የሚለውን ብትመልሰው ይሸጣል» ብሎ መለሰልኝ። አልመለስኩትም። ተበድሬ አሳተምኩት። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ መጽሐፍ አዟሪዎች በክንዳቸው ደርድረው ሸጡልኝ፤ ውለታቸውን አልረሳም። አንዱ አዟሪ ደንበኛ በጠየቀው ቁጥር ገጽ ገልጦ የባዶ እግሩን ነገር ቆሞ ያስረዳ ነበር፤ ከእኔ በተሻለ።

አንድ እርማት ቀርቶኛል። መጽሐፉን የጀመርኩበት ስለሆነ እሱን ነግሬያችሁ ልቀመጥ።

በዓምዴ ሁልጊዜ «አበበ በ1953 ዓ.ም. ሮም ላይ አሸነፈ» እያልኩ እጽፍ ነበር። ከፈረንጆቹ 1960 ላይ 7 ቀንሶ 1953 ማለት ነው። ወመዘክር ተቀምጬ ቀኑን ስቆጥር ግን ሰፕቴምበር 10 መስከረም 1 አይደለም። ጳጉሜ 5 ነው። ዓመቱም 1952 ነው፤ የመጨረሻዋ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ውድድሩ ሮም ላይ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ ነው ያለቀው። በአፒያ ጎዳና ግራና ቀኝ ወታደሮች እሳት ይዘው ቆመው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። የእኛ ሰዓት ከሮም በሁለት ሰዓት ስለሚቀድም፣ አበበ በዚያ እሳት መካከል ሲሮጥ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነበር። በዚያች ሌሊት በየደጃፉ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሰንዳፋ ሄድኩ። ጋሼ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አነበብኩላቸው። ሲያዳምጡ ቆዩና «ያን ማታ ፈቃድ አግኝቼ እናቴ ዘንድ ነበርኩ» አሉ። «ችቦ ይዘን ‹ኢዮሃ አበባዬ› እያልን ቤቱን ዞርን። እናቴ ‹የዘንድሮው ችቦ እንዴት ደምቋል› ያለችው ትዝ ይለኛል። እሱም ያን ሰዓት በእሳት መሃል ይሮጥ ነበር ነው የምትለኝ?» አዎ አልኳቸው። «ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ስጨርስ ደብተሩን ከእጄ ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳሴን ጠየቁኝ።

በረቂቄ ላይ ወታደሮቹ የያዙትን «የእሳት መብራት» ብዬው ነበር። ይኸው፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በሚንቀጠቀጥ የጋሼ እጅ የተጻፈው ይህ ነው፤ «ችቦ በለው።»